ከምጣድ ጥገና የተነሣው ሱቃችን

አባታችን በ1985 ዓ.ም. በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በተከራዩት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የከፈቱት የቤት ዕቃ መሸጫ ዛሬም አለ፤ ከእኅቴና ከወንድሜ ጋር ሆነን የምናስተዳድረው እኛ ልጆቻቸው ነን። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንሸጣለን፤ የሸጥነውንም እንጠግናለን። ይህን ተሞክሮ የምጽፈው እንደኛ ከወላጅ የተረከቡትን ሱቅ ለሚያስቀጥሉና በክልል ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆነው የሱቃችን ዕድሜ ብዙውን ነገር ያስተማሩን ደንበኞች ተሸክመው የመለሱልን ዕቃዎች ናቸው። ከተመለሱት መካከል ሱቅ ውስጥ ስንፈትሻቸው ደህና ሆነው የተገኙት ይበዛሉ፤ ጉድለቱ የነበረው በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም በቤቱ ውሃ ላይ ነበር። ታሪካችንንም የምነግራችሁ በዚሁ በኩል ነው።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ11.4 ሜጋ ዋት ኃይል ለፋብሪካውና ለከተማዋ መብራት መስጠት ጀመረ። አባታችን በ1960ዎቹ በፋብሪካው የጥገና ክፍል በረዳትነት ተቀጥረው ሞተር መጠቅለልንና መስመር መዘርጋትን ከቀደሟቸው ሠራተኞች ተማሩ። ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ልጆች ሆነን ከእራት በኋላ መብራቱ የእሳቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ እኛ ጥናታችንን የምናጠናው እሳቸው ከሚጠግኑበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዕቁብ ሲደርሳቸው ከፋብሪካው ለቀው ሱቁን ከፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መደርደሪያው ላይ የነበሩት ማንደጃ፣ የላምባ ምድጃ፣ ካውያና ጥቂት ባለ አንድ ዐይን የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ሲሆኑ፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ግን የምጣድ ጥገናው ነበር።

ስለ ምጣዱ ጥቂት ልዘርዝር፤ ሱቃችን የቆመው በእሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከጀርባው ከመሐል ጀምሮ እየተጠማዘዘ እስከ ዳር የሚደርስ ቦይ አለው። ሙቀት የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ የሚቀመጠው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ሽቦው ሲዘረጋ አንዱ ቦታ ላይ ከተጨማደደ እንጀራው እዚያ ላይ ያርራል፤ ሌላው ቦታ ላይ ከተለጠጠ ደግሞ ሊጡ ሳይበስል ይቀራል። አባታችን ይህን ለማስተካከል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምስማር መትተው፣ ጥቅሉን በመካከላቸው ቀስ ብለው ይስቡና በየስንዝሩ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበት ነበር። ከዚያም የቦዩን ርዝመት በሲባጎ ለክተው ምልክቶቹን ከሲባጎው ጋር ያስተያያሉ። አንዱን ምጣድ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይወስድባቸዋል፤ የቸኮለ ደንበኛ ሲመጣ እንኳን ይህን ልኬት ሲዘሉት አላየሁም።

የእናታችን ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፤ ሊጡ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እናታችን ከሱቁ ጓሮ ምጣዱን አግለው፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግመው እያሹ፣ ገጹ ጠቁሮና ለስልሶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያሟሹት ነበር። አዲስ ጎጆ የወጡ ሙሽሮች ብዙ ጊዜ እናቶቻቸው አጠገባቸው ስለማይኖሩ፣ «ልጄ፣ የራስሽን ሊጥ ይዘሽ ነይ» ይሏቸውና በገዙት ምጣድ የመጀመሪያውን እንጀራ እዚያው ጓሯችን ውስጥ እንዲያወጡ ያደርጓቸዋል። በዚያን ጊዜ ይህ አገልግሎት ዋጋ አልነበረውም፤ ደረሰኝም አይቆረጥለትም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ከሰላሳ ዓመት ደንበኞቻችን አብዛኞቹን ያመጣልን ያ ጓሮ ነው፤ የእነዚያ ሙሽሮች ልጆች አሁን ፍሪጅ የሚገዙት ከኛ ነውና።

በ1991 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን አንዲት ደንበኛችን ከገዙት ወር ያልሞላውን ምጣድ በጋሪ አስጭነው መለሱት። «ጋሼ፣ እንጀራው ዐይን አላወጣ አለኝ፤ ሊጤን ሁሉ ጨረሰው» ብለው ተቆጡ። አባታችን ምጣዱን ሱቅ ውስጥ ሰክተው ሲያዩት እንከን የለውም። ሌላ ሻጭ ቢሆን ምጣዱን አሳይቶ ይመልሳቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መለኪያቸውን ይዘው ማታ ሴትዮዋ በሚጋግሩበት ሰዓት ቤታቸው ድረስ ሄዱ። መለኪያው 220 ማሳየት ሲገባው ከ180 ቮልት አላለፈም። የሚያሞቀው ሽቦ የሚሰጠው ኃይል ቮልቴጁ ሲወርድ በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ የቮልቴጁን ካሬ ተከትሎ ነው የሚወርደው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚሰጥ ምጣድ በ180 ቮልት የሚሰጠው 2,340 ዋት አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሦስተኛው ሙቀት ጠፋ ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨናነቃል። በሴትዮዋ ቤት ደግሞ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ የተሳበው ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነበርና ከቀረው ቮልቴጅ ላይ ሽቦው የራሱን ድርሻ ይበላ ነበር። አባታችን የተቀጠለበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰስ ሲያደርጉት ማቃጠል ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ወፍራም ሽቦ ገዝተው ራሳቸው ዘረጉላቸው፤ ምጣዱም ተመልሶ ሱቅ አልመጣም።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር የተጀመረው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። በገጹ ላይ የደንበኛው ስም፣ ሰፈሩ፣ የገዛው ዕቃ፣ ከቆጣሪው እስከሚሰካበት ቦታ ያለው ርቀት፣ የሽቦው ውፍረትና ቤቱ የመሬት መስመር (ከዕቃው አካል ላይ ያፈሰሰን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ያለው መሆን አለመሆኑ ይጻፋል። ምጣድ ወይም ከእሱ የሚበልጥ ኃይል የሚፈልግ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህ ሳይጠየቅ አይወጣም። ለንግዱ አዲስ የሆነ ሰው ስሌቱን በቃሉ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል፤ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ይኸው ነው። ስለዚህ ለምጣድ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ የራሱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር እንዲገባለት እንመክራለን፤ በማራዘሚያ ገመድ እንዲሰካ በፍጹም አንፈቅድም። ለምጣድ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ልግዛ የሚለንንም ደንበኛ እንመልሰዋለን፤ ገንዘቡን ለሽቦው ቢያውለው የተሻለ ነው።

ፍሪጅ መሸጥ የጀመርነው በ1997 ዓ.ም. ነው። አባታችን ሁለት ፍሪጆች ከመርካቶ ገዝተው በጭነት መኪና አስመጡ፤ በዓባይ በረሃ አቋርጦ ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ነው። አንዱ ተኝቶ ተጭኖ መጣ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ በውስጡ ዘይት አለው፤ ሲተኛ ዘይቱ ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳልና ወዲያው ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይነሣል። አባታችን ይህን ስለሚያውቁ ገዢው ቆሞ እየጠበቀ እንኳን ፍሪጁን ቀጥ አድርገው አቁመው አንድ ሙሉ ቀን ሳይሰኩት አሳደሩት። እስከ ዛሬም ተኝቶ የመጣን ፍሪጅ ከ24 ሰዓት በፊት አንሰካም፤ ለደንበኛውም ይህንኑ ጽፈን እንሰጣለን። በፍሪዘር በኩል መጀመሪያ የመጡት የጣና ዓሣ ነጋዴዎች ነበሩ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ሲደራ አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋባቸው የሚከስሩትን ስለሚያውቁ፣ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁን ስለ በሩ ጎማና ስለ ግድግዳው ውፍረት ነበር፤ እኛም ፍሪዘር መምረጥን ከእነሱ ነው የተማርነው።

በ2001 ዓ.ም. የኃይል እጥረት በመከሰቱ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። በዚያ ዓመት ሱቃችን ከሸጠው ይልቅ የጠገነው በለጠ፤ በየቀኑ ኮምፕሬሰራቸው የተቃጠለ ፍሪጆች ይመጡ ነበር። ምክንያቱ መብራቱ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። ፍሪጅ ሲሠራ በአንዱ ወገን ያለው ጋዝ ከፍተኛ ግፊት፣ በሌላው ወገን ያለው ዝቅተኛ ግፊት ይኖረዋል። መብራት ጠፍቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቢመለስ ግፊቱ ገና አልተስተካከለምና ኮምፕሬሰሩ ለመነሣት ይታገላል፤ የመጣው ቮልቴጅ ደካማ ከሆነ ደግሞ እያቃሰተ ይቆማል እንጂ አይነሣም፤ ይህ ሲደጋገም የሞተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ይቃጠላል። ግፊቱ እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መታገሥ ይበቃል። አባታችን በትልልቅ ፊደል «መብራት ሲጠፋ ይንቀሉ፤ ሲመጣ 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ» የሚል ወረቀት በእጃቸው እየጻፉ በሸጥነው ፍሪጅ ሁሉ በር ላይ ይለጥፉ ጀመር። ቆይቶ ይህን ራሱ የሚያደርግ መከላከያ በገበያው ላይ መጣ፤ አሁን ፍሪጅ ያለ እሱ አንሸጥም። ደንበኛው አልፈልግም ካለ ዋስትናው ላይ ያንን ጽፈን እናስፈርመዋለን። በ2002 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በዋሻ ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ብዙ ደንበኞቻችን ከእንግዲህ መከላከያ አያስፈልገንም ብለው ነበር። ይሁንና በየሰፈሩ ያለው ትራንስፎርመርና ሽቦ ያው ስለነበር የተቃጠለ ኮምፕሬሰር መምጣቱን አላቆመም።

እኔ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ሱቁን የተቀላቀልሁት በዚሁ ወቅት ሲሆን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንሽጥ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁትም እኔ ነበርሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አውቶማቲክ ማሽኖች በ2004 ዓ.ም. አስመጣን። አንዱን በሽምብጥ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ገዙ። በሦስተኛው ቀን ደውለው «ማሽኑ ውሃ አልሞላ ብሎ ይጮኻል» አሉን። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚደርሳቸው ሲሆን፣ በቀሩት ቀናት የሚጠቀሙት መሬት ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ነበር። የማሽኑ መመሪያ ዝቅተኛው የውሃ ግፊት 0.05 ሜጋ ፓስካል መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ይህም ማለት ውሃው ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ያንን መመሪያ ሳላነብ ነው የሸጥሁት። ዕቃው ጤነኛ ስለሆነ መመለስ የለብንም ብዬ ከአባታችን ጋር ተከራከርሁ። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ እነሱ የገዙት ልብስ የሚያጥብ ነገር ነው፤ እኛስ ያንን ሰጠናቸው?» አሉኝ። ማሽኑን መልሰን ወሰድን፤ ገንዘባቸውንም ሙሉ በሙሉ ሰጠናቸው። ከዓመት በኋላ ሮቷቸውን በብረት ማማ ላይ ሲያወጡ ማሽን የገዙት ከኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የውሃ ነገር በደብተሩ ላይ የራሱ ዓምድ አለው። ሮቶው ከፍ ያለ ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ትንሽ የግፊት ፓምፕ መግጠም ሲሆን፣ ሌላው ውሃው በባልዲ የሚሞላውን ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን መግዛት ነው። ባለ ሁለት ገንዳው ርካሽና ትርፉም ለኛ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት እሱን ማቅረብ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ፣ የማሽኑ ውሃ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በየወሩ ተነቅላ መታጠብ አለባት። «ማሽኑ ተበላሸ» ተብለን ከምንጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ያገኘነው ይህችው ወንፊት በአሸዋ ተደፍና ነው። በእጅ ለማጠብ የተሠራ ኦሞ በአውቶማቲክ ማሽን ውስጥ ሲገባ ደግሞ አረፋው ከልክ በላይ ይነሣና ማሽኑ መጭመቅ ያቅተዋል። ለማሽን የተሠራውን ዱቄት ሱቃችን ውስጥ ማስቀመጥ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁበት ነገር የመሬት መስመር ነው። «ማሽኑ ይነዝራል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ሻጭ ማሽኑን ይቀይራል፤ አዲሱም ይነዝራል። ማሽኖቹ በኤሌክትሪክ መግቢያቸው ላይ ትንሽ ማጣሪያ አላቸው፤ የመሬት መስመር በሌለበት ቤት ይህ ማጣሪያ ከዋናው ቮልቴጅ ግማሹን የሚያህል ቮልቴጅ በማሽኑ አካል ላይ ያሳድራል። በዚህ መንገድ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ መጠኑ ትንሽ በመሆኑ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር የቆመን ሰው ይነዝራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ሆኖም በዚያው ቤት ማሽኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥ የሚያድን ነገር የለም። ስለዚህ የመዳብ ዘንግ ወደ መሬት ተቀብሮ የሚነዝረውን ኤሌክትሪክ መውሰድ አለበት፤ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ቢጨመርበት መልካም ነው። በከተማችን ሐይቁ ዳር ያለው አፈር እርጥብ በመሆኑ ዘንጉ ጥሩ ይሠራል፤ በዋልካ አፈር ላይ ግን በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ዘንጉ ከአፈሩ ይላቀቃል። በዚህ የተነሣ መጋቢት ላይ ዙሪያውን ውሃ እንዲያጠጡትና በባለሙያ እንዲያስለኩት ለደንበኞቻችን እንነግራለን። የመሬት መስመር የለም ብሎ ከውሃ ቧንቧ ወይም ከኑውትራል (ኤሌክትሪኩ ከዕቃው ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር የሚያገናኝ ኤሌክትሪሻን ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልጽፍም፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አባታችን ሱቁን በራሳቸው ስም ነበር ያቋቋሙት፤ የሱቁ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብም በአንድ ኪስ ውስጥ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐዘናችን ሳይወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ፍርድ ቤት ተመላለስን፤ የንግድ ፈቃዱ ጉዳይም ወራት ፈጀብን። ከሱቁ ሀብት ግማሹ የእናታችን የጋራ ሀብት ድርሻ ሲሆን የቀረው ለልጆች እኩል የሚካፈል በመሆኑ፣ እኅቴ ከአዲስ አበባ የምትጠይቀውን ሂሳብ በቅጡ መመለስ አልቻልሁም ነበር፤ የትኛው ዕቃ የሱቅ፣ የትኛው የቤት እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ አልነበረንም። በ2014 ዓ.ም. ሱቁን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርገን ድርሻችንን በጽሑፍ አስቀመጥን። ወላጆቻችሁ በሕይወት እያሉ ብታደርጉት ሐዘንና ሂሳብ አብረው አይመጡባችሁም።

ሁለተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ወደ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። በሰኔ ወር ለመምህራን በዱቤ የሸጥናቸውን ፍሪጆች ገንዘባቸው ተሟልቶ ሲከፈለን ግማሾቹን እንኳን መልሰን መግዛት አልቻልንም። ደንበኞቻችን ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ በዱቤ የምንሸጠው ከ3 ወር ለማያልፍ ጊዜ ሲሆን፣ ቅድመ ክፍያውም ዕቃውን የገዛንበትን ዋጋ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ደብተሩ አሁን ስድስተኛው ነው፤ ሽፋኑ ያው ሰማያዊ ነው። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ወደ ዘንዘልማ ሄዳ ማሽን የታዘዘበትን ቤት አይታ ስትመለስ በራሷ እጅ እንዲህ ብላ ጽፋበታለች፤ «ሮቶ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ፓምፕ ይጨመርለት። ሽቦው ደህና ነው። የመሬት መስመር የለም፤ ዘንጉ እስኪቀበር ማሽኑ አይላክ።» ማሽኑ እስካሁን ሱቅ ውስጥ በካርቶኑ እንዳለ ተቀምጧል፤ ዘንጉ ዓርብ ይቀበራል።